ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፦ ወንጌል በመንጌ ገበያ

 

የዛሬው ትምህርታችን የክርስትናን ትምህርት በዕለት ተዕለት ኑሮ በተግባር ስለ ማዋል ነው። ርእሱ ለጆሯችን አዲስ አይደለም። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ «ተዋደዱ፣ ትሑት ሁኑ፣ ጸልዩ» ተብሎ ይታለፋል፤ ሰሚውም «አሜን» ብሎ ይወጣና ሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮው ይሠራል። ዛሬ እስከ ወርቅ ሚዛኑ፣ እስከ ፊርማ መዝገቡ፣ እስከ ማጀቱ ድረስ አብረን እንወርዳለን። ኦርቶዶክስም ሁኑ ካቶሊክ ወይም ወንጌላዊ፣ የምንነጋገረው ሁላችሁንም የሚመለከት ነው።

መነሻችን የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ነው። መጽሐፍ ቅዱስ በአጠገባችሁ ካለ ከቁጥር 7 እስከ 14 ያለውን በኋላ በዝግታ አንብቡት። እኛ አሁን ታሪኩን በራሳችን ቃል እንተርከው።

ዮሐንስ መጥምቅ በዮርዳኖስ ዳር ቆሞ ያስተምራል። ሕዝቡ ሊጠመቅ ይጎርፋል። ስብከቱ የሚያባብል አይደለም፤ «በአብርሃም ልጅነታችሁ አትመኩ፣ መመለሳችሁን በፍሬ አሳዩ» የሚል ነው። ሰዉ ደነገጠና «እንግዲህ ምን እናድርግ?» ብሎ ጠየቀ። ዮሐንስም ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው እንዲያካፍል፣ ምግብ ያለውም እንዲሁ እንዲያደርግ ነገራቸው። ቀጥሎ ቀራጮች መጡ፤ ያንኑ ጥያቄ ጠየቁ። ለእነሱ ደግሞ ከታዘዘላቸው በላይ እንዳይሰበስቡ ነገራቸው። በመጨረሻ ወታደሮች መጡ። ሰውን እንዳይቀሙ፣ በሐሰት እንዳይከሱ፣ በደመወዛቸው እንዲረኩ አዘዛቸው።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ልብ እንበል።

አንደኛ፣ ጥያቄው አንድ ሆኖ ሳለ መልሱ እንደ ጠያቂው ተለያየ። ለቀራጩ የተሰጠው ለወታደሩ አልተሰጠም። ሁለተኛ፣ ቀራጭነት በዚያ ዘመን የተጠላ ሥራ ቢሆንም፣ «ሥራህን ጥለህ ገዳም ግባ» አላለውም። ወደዚያው ጠረጴዛው መለሰው፤ የሚመለሰው ግን ሌላ ሰው ሆኖ ነው። ሦስተኛ፣ ዮሐንስ ራሱ በበረሃ የኖረ፣ አንበጣና የበረሃ ማር የበላ ባሕታዊ ነው። እንዲህ ያለ ሰው «ምን እናድርግ?» ሲባል ጾምና ስግደት ብቻ ያዛል ብለን እንጠብቅ ይሆናል። እሱ ግን በቀጥታ ወደ ሥራቸው፣ ወደ ገንዘባቸውና ወደ ሥልጣናቸው ሄደ።

የዛሬው ትምህርታችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ሰው የሚፈተነው ዕድልና ሥልጣን ባለው ቦታ ነው፤ ክርስትናው የሚታየውም እዚያው ነው። ቀራጩን የሚፈትነው ቀረጡ ነው፤ ወታደሩን ጉልበቱ፤ ነጋዴውን ሚዛኑ።

አሁን ከዮርዳኖስ ወደ መንጌ እንምጣ።

መንጌ በአሶሳ ዞን፣ ከአሶሳ ከተማ በስተሰሜን ያለች ወረዳ ናት። አብዛኛው ነዋሪዋ የበርታ ሕዝብ ነው፤ አብዛኛው በርታም ሙስሊም ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ፣ በመላው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሙስሊሞች ወደ 45 ከመቶ፣ ኦርቶዶክሶች ወደ 33 ከመቶ፣ ፕሮቴስታንቶች ደግሞ ወደ 13 ከመቶ ይሆኑ ነበር። በመንጌ ለንግድ፣ ለማስተማር፣ ለሕክምና ወይም ለመንግሥት ሥራ መጥቶ የሚኖር ክርስቲያንም አለ።

የዚህ ሰው ጎረቤት ቅዳሴ አይገባለትም፤ ስብከቱንም አይሰማለትም። ጎረቤቱ የሚያውቀው ሸቀጡን እንዴት እንደሚመዝን፣ ክፍል በሰዓቱ መግባት አለመግባቱን፣ በሽተኛን እንዴት እንደሚያናግር ነው። በመንጌ ለሚኖር ክርስቲያን፣ ጎረቤቱ የሚያነበው ወንጌል የእሱ ውሎ ነው።

እስቲ ከወርቁ እንጀምር። ቤኒሻንጉል ከጥንት ጀምሮ ስሟ በወርቅ ይነሳል። ዛሬም በመንጌና በዙሪያዋ ባህላዊ ወርቅ አምራቾች፣ ሴቶችም ወንዶችም፣ አፈር ቆፍረው፣ ውኃ ተሸክመው፣ በገበቴ አጥበው ይኖራሉ።

እንበልና የገበያ ቀን ረፋድ ላይ ነው። አንዲት እናት ሳምንቱን ሙሉ ስታጥብ ከርማ ያገኘችውን በትንሽ ላስቲክ ቋጥራ ወደ ገዢው ትመጣለች። ገዢው በቆርቆሮ ክዳን ላይ ይገለብጠዋል። ጥቁሩን አሸዋ በማግኔት ይለቅማል። የቀረውን አቧራ ለማስወገድ በስሱ እፍ ይላል። ከዚያ ሚዛን ላይ ያደርገዋል፤ ቁጥሩን አይቶ ሒሳቡን ያሰላል፤ «ማዘር፣ ይኸው» ብሎ ብሩን ይቆጥርላታል። ነገሩ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

በዚያች አምስት ደቂቃ ውስጥ ግን አራት የማጭበርበሪያ በር አለ። የመጀመሪያው እፍታው ነው። ትንፋሹን ትንሽ ጠንከር ካደረገው ከአቧራው ጋር ወርቁም ይበራል፤ ማታ ጠረጴዛው ሲጠረግ የሚሰበሰበው ደግሞ ለገዢው ነው። ሁለተኛው ሚዛኑ ነው። ሚዛኑ ከተበላሸ ወይም ሆን ተብሎ ከተዛባ ሻጯ የምታውቅበት መንገድ የላትም፤ ቁጥሩንም ማንበብ ላትችል ትችላለች። ሦስተኛው ዋጋው ነው። በሕግ የወርቁ መዳረሻ ብሔራዊ ባንክ ነው፤ የባንኩ መግዣ ዋጋ ደግሞ ከዓለም ገበያና ከውጭ ምንዛሪ ጋር ይለዋወጣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ከተለወጠ ወዲህ በብር ሲሰላ እጅግ ጨምሯል። ገዢው የዛሬውን ዋጋ ያውቃል፤ እሷ የምታውቀው ያለፈውን ወር ሊሆን ይችላል። አራተኛው ብድሩ ነው። በክረምት እህል ሲያልቅባት መቶም ሁለት መቶም ብር ያበደራት ነጋዴ፣ ወርቋን ለሌላ እንዳትሸጥ በዚያው ያስራታል፤ ዋጋውን የሚቆርጠውም እሱ ነው።

በእነዚህ አራት በሮች በአንዱ ከአንድ ግራም አንድ አሥረኛውን ብቻ ቢወስድባት እሷ አታውቅም። አሁን ይህ ነጋዴ አሥራቱን በታማኝነት የሚያወጣ ክርስቲያን ነው እንበል። ከእሷ አንድ አሥረኛ በሚዛን ይወስዳል፤ ለቤተ ክርስቲያን አንድ አሥረኛ በፖስታ ይሰጣል። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 23 የወቀሰው ይህን ዓይነቱን ነው፤ ከቅመማ ቅመም እንኳ አሥራት እያወጡ ፍትሕንና ምሕረትን የተዉትን። አሥራት ማውጣቱን ተዉ አላላቸውም፤ የከበደውን ትታችሁ ቀላሉን ያዛችሁ ነው ያላቸው።

ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19፣ ዘዳግም ምዕራፍ 25፣ መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 11፤ ሦስቱም ስለ ሚዛን ይናገራሉ። ኋለኞቹ ሁለቱ የሐሰት ሚዛን እግዚአብሔር የሚጸየፈው ነገር ነው ይላሉ። የእስልምና ወገኖቻችንም ይህን በሚገባ ያውቃሉ፤ የቁርኣን ምዕራፍ 83 የሚጀምረው በስፍር የሚያጎድሉትን በመገሠጽ ነው። ስለዚህ ያቺ ሙስሊም እናት በሚዛን ስትበደል፣ ክርስቲያኑ ነጋዴ የገዛ መጽሐፉን እንደጣሰ ለመረዳት ሰባኪ አያስፈልጋትም።

በአራተኛው ክፍለ ዘመን በአንጾኪያ የሰበከው ዮሐንስ አፈወርቅ፣ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም ስለ ወርቅ የተናገረው አለ። የክርስቶስን መሠዊያ በወርቅ ጽዋ እያስጌጡ ክርስቶስን በተራበው ሰው አካል መርሳት ምን ይጠቅማል የሚል ነው ሐሳቡ። ወርቅ ከሚወጣበት አገር ላለ ክርስቲያን ይህ ትምህርት በጣም ቅርብ ነው። ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠው ወርቅ ከየት እንደመጣ፣ በየትኛው ሚዛን እንደተመዘነ እግዚአብሔር ይጠይቃል።

አድማጮቻችን፣ አጭር ዜማ እናሰማችሁና እንመለሳለን።

(ዜማ)

ተመልሰናል። የወርቅ ነጋዴ ያልሆናችሁ «ይህ እኛን አይመለከትም» ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ዮሐንስ ከሕዝቡ ወደ ቀራጩ፣ ከቀራጩ ወደ ወታደሩ እንደሄደ ሁሉ እኛም ወደ ቢሮው እንሂድ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚባል አባባል አለን። ስንቱን ክርስቲያን ከወንጌሉ ይልቅ ይህ ተረት ይመራዋል! ኬላ ላይ የቆመው ፖሊስ መንገደኛን «ለሻይ» ብሎ ሲያስቆም፣ ወታደሮቹ ዮርዳኖስ ላይ የሰሙትን መልስ መርሳቱ ነው። ጉዳይ ፈጻሚው «ነገ ና» እያለ ገበሬውን ሦስቴ ከቀበሌ ወረዳ ሲያመላልሰው፣ ጉቦ ባይበላ እንኳ የሰውን ቀን በልቷል። የቀን ሠራተኛ ሥራ ፈትቶ፣ እናት ሕፃን አዝላ የምትጓዝበት መንገድ ነውና።

መምህሩንም እናንሳ። ሐሙስ ከሰዓት ወደ አሶሳ ወጥቶ ማክሰኞ ቢመለስና ደመወዙን ግን ሙሉ ቢወስድ፣ ከማን ላይ እንደወሰደ ያስብ። የመንግሥት ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። የተወሰደው ግን ፊደል ሳይለይ ሦስተኛ ክፍል ከደረሰው ልጅ ላይ ነው። የመንገዱ ችግር፣ የቤት ኪራዩ፣ የደመወዙ ማነስ እውነት ነው፤ መንግሥትን መጠየቅም ተገቢ ነው። ልጁ ግን ዕዳው የለበትም።

የጤና ባለሙያዋም እንዲሁ። አማርኛ አጥርታ የማትናገር የበርታ እናት ለወሊድ ስትመጣ፣ «ምን ትላለች ይቺ!» ብሎ መቆጣት ይቻላል፤ አስተርጓሚ ፈልጎ፣ ጥቂት የበርትኛ ቃላት ተምሮ፣ እጇን ይዞ ማረጋጋትም ይቻላል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ጌታ በፍርድ ቀን የሚቆጥራቸው ሥራዎች ትላልቅ ተአምራት አይደሉም፤ ማብላት፣ ማጠጣት፣ ማልበስ፣ እንግዳ መቀበል፣ በሽተኛ መጠየቅ፣ እስረኛ መጎብኘት ናቸው። በጤና ጣቢያ የምትሠራ ክርስቲያን ከእነዚህ አንዱን በየቀኑ ደመወዝ እየተከፈላት የምትሠራ ናት።

ከቢሮ ወደ ቤት እንግባ። እዚህ ላይ ትንሽ ታሪክ ያስፈልገናል።

ይህ የምዕራቡ ድንበር ስሙ በወርቅ ብቻ ሳይሆን በባሪያ ንግድም ይነሳ ነበር። በኢትዮጵያ ባርነት በአዋጅ የታገደው በ1934 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በልጅነቱ ተሽጦ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የቆየ አንድ የኦሮሞ ልጅ በ1870 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ፤ በ1872 ሲጠመቅ አናሲሞስ ተባለ። አናሲሞስ ነሲብን ብዙዎቻችሁ በ1899 እ.ኤ.አ. በታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታውቁታላችሁ። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ወንጌልን ይዞ በሱዳን በኩል ሊገባ ሞክሮ፣ ለድንበሩ ቅርብ እስከሆነችው ፋመካ ድረስ ደርሶ፣ መንገድ ስለተዘጋበት ተመልሷል።

ስሙን ያገኘው ከጳውሎስ አጭር መልእክት፣ ወደ ፊልሞና ከተጻፈው ነው። ጳውሎስ ከጌታው ኮብልሎ የነበረውን አናሲሞስን መልሶ ሲልከው፣ ፊልሞናን እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ወንድም እንዲቀበለው ይለምነዋል፤ ዕዳ ካለበትም በእኔ ላይ ቁጠረው ይለዋል። ፊልሞና ቤቱ ምእመናን የሚሰበሰቡበት ሰው ነበር። ጳውሎስ ግን በቤትህ ስንት ሰው ይጸልያል ብሎ አልጠየቀውም፤ በቤትህ የሚያገለግልህን እንዴት ትይዘዋለህ የሚለውን ነው የጠየቀው።

ዛሬ ባርነት የለም። ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ ግን አለች። ከሁሉ በኋላ የምትተኛ፣ ከሁሉ በፊት የምትነሣ፣ ቤተሰቡ ሲበላ ማጀት የምትቀር፣ የሁለት ወር ደመወዟ «ስትሄጂ አንድ ላይ እሰጥሻለሁ» የተባለባት። በር ላይ የሚያድር ዘበኛ አለ። ማንጎ የሚለቅም፣ ቀርከሃ የሚቆርጥ፣ ማሳ የሚያርም የቀን ሠራተኛ አለ። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 የድሃ ሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲከፈል ያዛል። ያዕቆብም በመልእክቱ ምዕራፍ 5 የተከለከለ ደመወዝ ራሱ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ይናገራል። የሰው ደመወዝ በኪሳችን ይዘን ማታ ለጸሎት ስንቆም፣ የእሱም ጩኸት ከእኛ ጸሎት ጋር አብሮ እንደሚወጣ እናስብ።

አሁን ከግቢያችን እንውጣ፤ ስለ ጎረቤትና ስለ እንግዳ እንነጋገር።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» እንላለን። በዚህ ክልል ግን ጎረቤት የሆነ ሰው ጎረቤቱን የፈራበት ጊዜ አይተናል። በ2013 ዓ.ም. በመተከል የደረሰውን ግድያ፣ በካማሺም የነበረውን መፈናቀል ማንም አልረሳውም። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ቀን አይጀምርም። በቡና ላይ በሚነገር ንቀት፣ በስልክ በሚተላለፍ ያልተጣራ ወሬ ይጀምራል። ክርስቲያን በዚህ ጊዜ የሚሠራው ሥራ ቀላልም ከባድም ነው፤ ወሬውን አለማስተላለፍ፣ ንቀቱ ላይ አለመሳቅ፣ ስለ ሌላው ብሔረሰብ ሲወራ «እኔ የማውቀው ጎረቤቴ እንዲህ አይደለም» ብሎ መመስከር። በዒድ ቀን ሄዶ እንኳን አደረሳችሁ ማለት፣ በፋሲካ መጥራት፣ ለቅሶ መድረስም ከዚሁ ይቆጠራል።

ስለ እንግዳ ስናስብ ደግሞ አሶሳ ዞን የስደተኛን ነገር በደንብ ያውቃል። የሸርቆሌ መጠለያ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ብዙ ሰው በድንበር ከተማዋ በኩርሙክ በኩል ገብቷል፤ ለእነሱም በ2024 እ.ኤ.አ. የኡራ መጠለያ ተከፍቷል። ደጉ ሳምራዊ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የረዳው የማያውቀውን፣ የሌላ ወገን የሆነውን ሰው ነው። ቁስሉን አሰረ፤ በራሱ አህያ ጫነው፤ የማደሪያውን ሒሳብ ከፈለ፤ የጎደለውን ስመለስ እሞላለሁ አለ። የሚቆጠርና የሚዳሰስ ሥራ ነው። ስደተኛን ለመርዳት ድርጅት መሆን አያስፈልግም፤ ስደተኛ መሆኑን አይቶ የቲማቲሙን ዋጋ እጥፍ አለማድረግም አንድ ነገር ነው።

ሁለት ተቃውሞ ከአድማጮች እንደሚነሣ እናውቃለን።

አንዱ፣ «ገበያው እንዲህ ነው፤ እኔ ብቻ ታማኝ ብሆን እከስራለሁ» የሚለው ነው። ሊሆን ይችላል። ታማኝ የሆነ ሁሉ ይበለጽጋል ብለን ቃል አንገባላችሁም፤ ወንጌልም አልገባም። ይሁን እንጂ ወርቅ የሚያጥቡ ሴቶች ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠው ስለ ገዢዎች ያወራሉ፤ የማን ሚዛን እንደሚያጎድል ይታወቃል። ገበያውም የማን ጎድሎ የማን እንደሞላ ሳይለይ አይቀርም።

ሌላው፣ «ሰው የሚድነው በጸጋ ነው፤ በሥራ አይደለም» የሚለው ነው። ጳውሎስ ይህን በኤፌሶን መልእክት ምዕራፍ 2 አስተምሯል። ጥቅሱን እዚያ ላይ አታቁሙት፤ ወዲያው ቀጥሎ፣ በቁጥር 10፣ ለመልካም ሥራ እንደተፈጠርን ይናገራል። ያዕቆብም ሥራ የሌለው እምነት የሞተ ነው ይላል። ሥሩ ጸጋ ነው፤ ዛፉ ግን ፍሬ እንዲያፈራ ይጠበቃል።

እንግዲህ ከየት እንጀምር? ሦስት ነገር እንመክራለን።

የመጀመሪያው፣ የራሳችሁን ቦታ መለየት ነው። እኔ በማን ላይ ሥልጣን አለኝ? ሳይታወቅብኝ ማንን ልጎዳ እችላለሁ? ብላችሁ ጠይቁ። ነጋዴው ሚዛኑን፣ መምህሩ ክፍለ ጊዜውን፣ ሾፌሩ ታሪፉን፣ የቤት እመቤቷ ማጀቷን ያገኛሉ።

ሁለተኛው፣ የወሰዱትን መመለስ ነው። ቀራጩ ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ሲቀበል ግማሽ ሀብቱን ለድሆች፣ ለበደለውም አራት እጥፍ ሊከፍል ተነሣ። የበደላችሁትን ሰው የምታውቁት ከሆነ በዝምታ አትለፉ፤ ሄዳችሁ ክፈሉት። ንስሐ አባት ያላችሁ ከንስሐ አባታችሁ፣ መጋቢ ያላችሁ ከመጋቢያችሁ ጋር ተማከሩ።

ሦስተኛው፣ ብቻችሁን አለመሆን ነው። የጽዋ ማኅበር፣ ሰንበቴ፣ የቤት ለቤት ጸሎት ያላችሁ፣ በሚቀጥለው ስትገናኙ አንድ ጥያቄ አንሡ፦ «በዚህ ሳምንት በሥራ ቦታህ ምን ከበደህ?» ነጋዴዎች ከሆናችሁ ደግሞ ሚዛናችሁን በመካከላችሁ አስተያዩ፤ የዕለቱን ዋጋ በሻጮቹ ቋንቋ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ።

ውድ አድማጮቻችን፣ ሰዓታችን ደርሷል። ስለ ትምህርቱ ከቤተሰባችሁ ጋር ተወያዩበት። ከዚያ በፊት ግን ቤታችሁ ወይም ሱቃችሁ ውስጥ ደመወዙን የምትይዙበት ሰው ካለ፣ ነገ ሳይሆን ዛሬ፣ ሳትተኙ ክፈሉት።